የአቶ አንጁሎ ድምፅ የጎደለበት ክር

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሶዶ

ዛሬም ተቆረጠ። አቶ አንጁሎ ከሁምቦ ተበላ ከተማ ድረስ በበቅሎ መጥተው፣ እያሳላቸው፣ የጥንቱን ዘፈን ዘፍነውልኝ ሄዱ። የቴፑን ክር መልሼ ብሰማው መጀመሪያው ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ዝም። ብቅ ይላል። ደግሞ ዝም። ሽማግሌው ጉድጓድ ገብተው የሚወጡ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር። ግርማ፣ አብሮኝ ድምፅ የሚቀዳው፣ ዛሬ ሮጦ ለጽ/ቤቱ አለቃችን ነገረ። ቴፑ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የአስቴር እጅ ነው፣ ሴት ከማሽን ጋር ምን አላት፣ አለ። አለቃ አመነው። ከነገ ጀምሮ መቅዳት የለም፤ ክር መጠቅለልና አቧራ መጥረግ ብቻ።

እኔና ግርማ ይህን ሥራ አዲስ አበባ አብረን ነው የተማርነው! ይቆየኝ። ማስታወሻዬ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ። ይቆየኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ጽ/ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሁለቱም ስብሰባ ናቸው። ቴፑን ለብቻዬ አገኘሁት። ክር ቀየርኩ፤ ያው። ማይክራፎን ቀየርኩ፤ ያው። የመብራቱ ኃይል ወርዶ ይሆናል ብዬ አምፖሉን ሁሉ አጠፋሁ፤ ያው።

ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። የድምፅ ማጉያው ማግኔት የተቀዳን ያጠፋል። ግርማ ክሮቼን እዚያ ላይ እያስቀመጠ ቢሆንስ? ደሜ ፈላ። ደስም አለኝ፣ አልዋሽሽም። እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነው።

መዝሙረ ዳዊት እያነበብኩ ቀዳሁ። ከወንበሬ ሳልነሣ መልሼ ሰማሁት። ከመሐል ቃላቱ የሉም! ማንም አላጠፋቸውም ማለት ነው። መጀመሪያውኑ ክሩ ላይ አልተጻፉም።

ከፋኝ። እሱ እንዲሆንልኝ ነበር የፈለግሁት። ግን መጀመሪያው ጥርት ብሎ፣ ማሽኑ ሲሞቅ ለምን ይብስበታል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

አገኘሁት! ክዳኑን ፈታሁ። ክሩን ከመቅጃው ብረት ጋር ለጥፋ የምትይዝ ትንሽ የሱፍ ቁራጭ አለች። በጣቴ ነካኋት። ዘይት። አንድ ሰው ከላይ ያለውን ተሽከርካሪ ከልክ በላይ ዘይት አጠጥቶታል። ማሽኑ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና ሱፏ ላይ ይወርዳል። ክሩ ይንሸራተታል፣ ብረቱን ይስታል፣ ድምፁ ይቀራል።

ታይፒስቷን ወ/ሮ ታደለችን ጠየቅኋት። ማን ነው ዘይት የቀባው? ዞር ዞር ብላ አየች። ግርማ ነው፣ በመስቀል ሰሞን። ሱፏ መራሷንስ ያውቃል?

“ያውቃል እንጂ። በጣቱ ነክቶ አይቷታል። ለአስቴር ልንገራት ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ‘ተይ፣ ራሷ ትድረስበት’ አለኝ።”

አይቶ ዝም አለ። ከዚያ አለቃ ፊት ቆሞ የእኔን እጅ ከሰሰ።

ዓርብ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት

ከባሌ አሮጌ ባርኔጣ ቁራጭ ሱፍ ቆረጥኩ። ብረቱን በአልኮል ጠረግሁ። ቀዳሁ። ጥርት! አንድም ቃል አልጎደለም።

ለአለቃ አልነገርኩም። ነገ የአውራጃው ገዢ ይመጣል፤ ንግግሩን ግርማ ይቀዳል። ዘይታሟን ሱፍ መልሼ እከታታለሁ። ገዢው ድምፄን አሰማኝ ይላል፤ ግርማ ዝምታ ያሰማዋል። ፊቱ ሲቀላ እያየሁ አቧራዬን እጠርጋለሁ።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ባሎቴ መጣች፤ የአቶ አንጁሎ ልጅ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አባቷ ትላንት ዐረፉ። ለቀስተኛው ድምፃቸውን እንዲሰማ ክሩን ሰኞ ለቅሶ ቤት እንድናመጣላት ለመነች። እስከዚያ አንዴ አሰሚኝ አለች። ክሩን ቴፑ ላይ ጫንኩት።

ዘፈኑ ጀመረ። ሣቀች። ከዚያ ዝም። ጠበቀች። እንደገና ዝም ሲል በወላይትኛ ጠየቀችኝ፦ “ረስቶት ነው? አባዬ እኮ ይህን አይረሳም።”

አልረሱም አልኳት። ቴፑን አጠፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ዘይታሟን ሱፍ አልመለስኳትም። ለግርማ አዝኜ አይምሰልሽ። ከገዢው ጋር ከቦምቤ የመጡት መለከት ነፊዎችም ሊቀዱ ነው፤ እነሱ ምን በደሉኝ? ደግሞስ ገዢው ቢቆጣ ለግርማ የአንድ ቀን ኀፍረት ነው። በሳምንቱ ይሥቅበታል። እኔ የምፈልገው የማይሥቅበትን ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሱፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ወዲያው ገባው። ዘይቱ በስሕተት ነው አለ። ዘይቱ ይሁን፣ ዝምታህስ? አልኩት። ሰኞ ሁምቦ ተበላ ለቅሶ ቤት ሄደህ፣ የአባቷ ድምፅ ለምን እንደጎደለ በገዛ አፍህ ለባሎቴ ትነግራለህ። ካልሆነ አሁኑኑ ከታደለች ጋር አለቃ ቢሮ እገባለሁ።

ወላይትኛ አልችልም አለ፤ መውጫ ያገኘ መስሎት። ማን ሊተረጉምልኝ ነው? አለ።

እኔ፣ አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ጠዋት

የጂፑ ሞተር ተነሥቷል። ግርማ ክሩን ጉልበቱ ላይ ይዞ ከኋላ ተቀምጧል። ሌሊቱን ያልተኛ ይመስላል። ቅድም በር ላይ ቆሞ ለመነኝ። “አስቴር፣ እባክሽ፣ ስትተረጉሚ ትንሽ አለዝቢልኝ።”

ወስኛለሁ። የሚለውን ሁሉ በወላይትኛ እላለሁ፤ ማየቱን፣ መንካቱን፣ ዝም ማለቱን። ከራሴ አልጨምርበትም። ባሎቴ የምትለውንም ወደ አማርኛ መልሼ እሰጠዋለሁ፣ ስድብም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን።

የጂፑን ጡሩምባ እየነፉልኝ ነው። አንድም ቃል አላለዝብም።