የተቀበሩት ሹራቦች

ደባሌ እህትዓለም፣

በረንዳው ላይ የሚሸተው የሞተ አይጥ አይደለም፤ የአበባ መትከያው ነው። መስኮቱን ክፈቺ፣ አፈሩን ግን እንዳትደፊው፤ ማዳበሪያ ሆኗል።

ያንቺ ሹራብ ንጹሕ ሱፍ፣ እናቴ የሠራችልኝ ደግሞ «ፕላስቲክ» ነው ብለሽ እንግዳ ፊት ስትስቂብኝ ጊዜ፣ ሁለቱንም እዚያ አፈር ውስጥ ቀበርኳቸው። ሱፍ ፕሮቲን ነው፤ የአፈር ባክቴሪያዎች ሰባብረው ይበሉትና በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን አሞኒያ አድርገው ይለቁታል። አፍንጫሽን የሚሰነፍጥሽ እሱ ነው። ፕላስቲክን ግን ንክች አያደርጉትም።

ሳላስፈቅድሽ ማድረጌ...
እሺ፣ ይሁን።

ትናንት ቆፍሬ አየሁ። የእናቴ ሹራብ ወንፊት ሆኗል። ያንቺ አንድ ክር አልጎደለበትም።

ረታሁሽ!

ውጭው ግን ብርድ ነው፣ እኔም ሹራብ የለኝም። ያንቺን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለብሼው ወጥቻለሁ።

ለፕላስቲክ በጣም ይሞቃል።