እንደገና እንክፈተው

ጥር 4
ጋራዥ ዋልኩ። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት ሆነኝ... ከባድ ነገር አላነሳም፣ ቆሜ ማዘዝ ብቻ። ሽንቴ ጠርቷል፣ ደም የለውም።

ከሰዓት ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ከሽንት ፊኛዬ የወጣው ዕጢ ካንሰር መሆኑን ቀድሞ ነግሮኛል። ዛሬ ደግሞ እንደገና ገብቼ ልየው ይላል። ለምን? ጠርጌ አወጣሁት ብሎኝ አልነበር?

ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። "ሞተሩን እንደገና እንክፈተው።" ሒሳብ ለማብዛት ለስንቱ ደንበኛ ብያለሁ...

ጥር 5
ሚስቴ ለቀዶ ሕክምናው ፈርም ትላለች። ከዶክተሩ ጋር በስልክ አውርታ ይሆን? ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም አለችኝ።
ምን ያስቃል?

ጥር 8
ዶክተሩን አፋጠጥኩት። አልተቆጣም።

"ጋሼ፣ ናሙናው ላይ የፊኛው ጡንቻ አልወጣም። እንዳልበሳብዎ ፈርቼ ጠለቅ አላልኩም። ጉድለቱ የኔ ነው። ካንሰሩ ጡንቻው ጋ ይድረስ አይድረስ ሳላውቅ ቀጣዩን ሕክምና መምረጥ አልችልም።"

ከደረሰ ፊኛዬ ሙሉ በሙሉ ይወጣል ማለት ነው።

ጉድለቱ የኔ ነው አለ! ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ባለሙያ አላጋጠመኝም፣ ራሴን ጨምሮ። አዲስ ዘዴ ይሆን? እኛ እኮ የሌላ መኪና የተበላ ዕቃ እያሳየን "ያንተ ነው" እንላለን። የውጤቱ ወረቀትስ የኔ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለኝ?

ጥር 11
ናሙናውን ተቀብዬ ሌላ ላቦራቶሪ ወሰድኩ። የፊተኛውን ውጤት አላሳየኋቸውም። እስቲ ይለይ።

ጥር 16
ያው ነው። ካንሰር፣ ጡንቻ የሌለበት ናሙና፣ እንደገና ይወሰድ።

ተደዋውለው ይሆን? ኧረ ተው አንተ ሰውዬ...
ፈረምኩ።

ጥር 27
ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቼ ወጣሁ። ስሸና ያቃጥላል።

የካቲት 5
ውጤቱ መጣ። የቀረ ካንሰር ተገኝቷል። ባልፈርም ኖሮ እዚያው ተቀምጦ ያድግ ነበር። ጡንቻው ጋ ግን አልደረሰም። ፊኛዬ አይወጣም! ቁስሉ ሲሽር በየሳምንቱ መድኃኒት በቱቦ ፊኛዬ ውስጥ ይገባልኛል፣ ስድስት ጊዜ።

ለሚስቴ ስነግራት "ሐኪሙን አይደለም የጠረጠርከው። የሚያገኘውን ነው የፈራኸው" አለች።

እውነቷን ነው። ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ። ነገርኳት። ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽኝ ግቢ አልኳት። እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ነበር የማስቀምጣት።