ከታፋ ሳይሆን ከጎድን

ለምወድሽ ልጄ፤ ሰላምታዬ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ደጅሽ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ።

ወንድምሽ የበጎቹን ጸጉር ቅጥነት በማሽን ሊያስለካ ከታፋቸው ቆረጠና፣ «ሻካራ ሆኗል፤ መንጋውን እንሽጠው፣ እርስዎም ይረፉ» አለኝ። የታፋ ጸጉር መቼ ለስልሶ ያውቃል? እኔ ከእያንዳንዷ በግ ጎድን መሃል ቆርጬ፣ ጭቃውን ለቅሜ፣ አድርቄ በየከረጢቱ ከተትሁት። ማሽኑም ጣቶቼ የገመቱትን ቅጥነት መሰከረ።

«አባባ፣ ከረጢቱ ላይ የጻፉት ቁጥር ከበጓ የጆሮ መለያ ቁጥር አይገጥምም» ብሎ ደግሞ መጣ። የጆሮውን ቁጥር ዘንድሮ አሳንሰው ቀርጸውት ነው፤ በጣቴ ዳስሼ የከረጢቱን አረምሁት። መንጋው አይሸጥም።

መልስሽን በወፍራም ብዕር፣ መስመሩን አራርቀሽ ጻፊልኝ፤ ደቃቅ ጽሕፈት ለባዳ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ያው የማይበገረው አባትሽ