አንድና አንድ ሁለት የማይሆኑበት በር

ለተከበሩ የተራራው ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ብቻዬን በመሆኔ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተምም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ጉልበትዎ ደኅና እንዲሆን አጥብቄ እመኛለሁ። የእኔ ደኅና አይደለም። ሐኪሜ ዘንድሮ ቀስ ብዬ ከሄድኩ ተራራውን እንደምወጣው፣ ለከርሞ ግን ቃል እንደማይገባልኝ ነግሮኛል።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት በነበረው መስኮት ተራራዎን ያን ሁሉ ዓመት አይቼዋለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መራመድ የማይወድ ሰው ነበር፤ ተራራ የተፈጠረው ከታች ሆነው እንዲያዩት ነው ይል ነበር። እሱን ቤት ትቼ መሄድ አንጀቴ እምቢ ስላለኝ እኔም ከታች ሆኜ አየሁት። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ልጅም አልወለድንም። እንግዲህ አሁን የሚያስቀረኝ ሰው የለም፣ አብሮኝ የሚሄድም የለም። ማስቀረቱን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስለተረከበልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ ስለማይሆንልኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

1. ስለ መመሪያዎ። ለአንድ ቀን ተጓዦች ያሳተሙት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ እጄ እንደገባ ገጾቹን የያዘው ሽቦ ረግፎ ወለሉ ላይ ተበተነ። ለቅሜ፣ አስተካክዬ፣ በክር ሰፍቼ፣ ጠንካራ ሽፋን አልብሼዋለሁ። ስለዚህ አንቀጽ ዘጠኝን አላነበብኩም ብዬ ላመካኝ አልችልም። አንቀጹ ብቻውን የመጣ ተጓዥ ለራሱ ደኅንነት ሲባል እንደማይገባ ይደነግጋል። ለእኔ ደኅንነት ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነውና ደጋግሜ አነበብኩት።

2. ስለ ቅጽዎ። «የአብሮ ተጓዥ ስም» የምትለዋን መስመር ለመሙላት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እህቴ እግሯ እንደሚያብጥ ከነገረችኝ በኋላ በዚህ ዕድሜዬ ተራራ ለተራራ ምን እንደሚያንከራትተኝ ጠየቀችኝ። ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በደስታ እሺ ብላ ነበር፤ ደስታዋ የቆየው አውቶቡሱ የሚነሳው ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን እስክትሰማ ነው። ቀርታ የነበረችው ቀለሜ ናት። ማተሚያ ቤት ቀለም ትቀምም ስለነበር ነው እንዲህ የምንላት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሳችንን አብረን በልተናል። ስልኩን ያነሳችው ልጇ ነበረች። እናቷ አሁን አሁን ሰው እንደማትለይ በትሕትና ነግራኝ፣ ማን ልበላት ብላ ጠየቀችኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን ለሌላ ሰው አልደወልኩም።

3. ስለ ጓዝ። መመሪያዎ ለእያንዳንዱ ተጓዥ ሁለት ሊትር ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ፋሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ምሳ ያዛል። ሰው መሙላት ቢያቅተኝ ቦርሳ መሙላት አያቅተኝም ብዬ የሁለት ሰው አዘጋጀሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋ፣ ስመዝን፣ ሳወጣ፣ መልሼ ስከት ሰነበትኩ። በሁለተኛው ቦርሳ የባለቤቴን የዝናብ ካፖርት አደረግሁ፤ ከገበያ አልፎ የማያውቅ ካፖርት ነው። አራት እንቁላል ቀቀልኩ፣ ዳቦ ቆረጥኩ፣ ብርቱካን ጨመርኩ። ፊሽካው ይሠራ እንደሆነ ወጥ ቤት ውስጥ ብሞክረው ያቺው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበችው። ከአራት ዓመት ወዲህ እቤቴ ሆኜ ለተጣራሁት የተሰጠኝ የመጀመሪያ መልስ ስለሆነ፣ ፊሽካ በዝርዝሩ እንዲገባ ላደረገው ባለሙያ የተለየ ምስጋና ይድረሰው።

4. ስለ በሩ። በዕለተ ማክሰኞ፣ ሁለት ቦርሳ ተሸክሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። መዝጋቢዎ ጨዋ ሰው ነው። ሁለቱንም ቦርሳ ከፍቶ እያንዳንዱን ዕቃ በእስክሪብቶው ምልክት ካደረገ በኋላ እንዲህ ተሟልቶ የመጣ ሰው አይቶ እንደማያውቅ መሰከረልኝ። ከዚያ የሁለተኛው ቦርሳ ባለቤት የት እንዳለ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። እናቴ፣ አዝናለሁ፣ ቦርሳ ሰው አይደለም አለኝ፤ ይህም ከመመሪያው በቀር የሰማሁት የማይካድ ነገር ነበር። ምናልባት ሌላ ብቸኛ ሰው ቢመጣ ብሎ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የሚቀጥለው በቁጥር አይነገርም።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ብቻቸውን። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር መሆናቸውን በኋላ ነገሩኝ። እሳቸውም እንደ እኔ ተመረመሩ፣ ተመሰገኑ፣ ተመለሱና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ተያየን። ሁለታችንም ብድግ ብለን ወደ መዝጋቢው መስኮት ሄድን፤ እንዲያ በፍጥነት የተነሳሁበትን ጊዜ ጉልበቴም አያስታውሰውም። መዝጋቢዎ ቅጾቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፣ በእኔ ቅጽ የተጓዥ ብዛት አንድ፣ በእሳቸውም አንድ እንደሚል፣ ሁለት የሚባለው ግን በአንድ ቅጽ ላይ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት የተፈረመ ሲሆን ብቻ እንደሆነ አስረዳን። መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያሳስቱ እንደኖሩ ያወቁት ገና አሁን መሆኑን ተናገሩ። እኔ ሳቅሁ። መቼ እንደዚያ እንደሳቅሁ አላውቅም።

ተመልሰን ተቀመጥን። እንቁላሎቹን ልጠን በላን፤ ጨው እኔ ረስቻለሁ፣ እሳቸው ይዘዋል። ተራራውን አየን። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያኝክ መስማት እንዴት እንደናፈቀኝ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቅሁም ነበር። የእሳቸው አውቶቡስ ድንገት መጣ፤ በየት በኩል እንደሚኖሩ እንኳ ሳልጠይቃቸው እየሮጡ ተሳፈሩ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ነገ የምንገናኝ ይመስል እጄን አወዛወዝኩና ቀረሁ።

በማግስቱ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ፣ በመዝገቡ ላይ ከስሜ ሥር የተጻፈውን ስም እንዲነግሩኝ ለመንኩ። የተጓዥ መረጃ ለሦስተኛ ወገን እንደማይሰጥ ተገለጸልኝ። ከሁለት ሰው ውስጥ ሦስተኛ ወገን ሆኜ መገኘቴን ለማወቅ የቻልኩት በእርስዎ ሠራተኞች ጥንቃቄ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስናደድብዎ ሰንብቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። አንድ ሰው ስምዎ ማን ነው ለማለት አምስት የሥራ ቀን አያስፈልገውም ነበር።

ደኅንነቴን በንቃት ስለሚጠብቁልኝ፣ ከገደልም ከሰውም ስላራቁኝ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመመሪያዎ ጠንካራ ክርን እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የተጓዥ ብዛት፦ አንድ

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ለእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ በፖስታ እልከው ነበር። እርስዎ ባያነቡትም አይከፋኝም። ያን ማክሰኞ አግዳሚው ላይ ከእኔ ጋር የተቀመጡት መምህር ግን ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው ይመስላሉ። መምህር፣ አዲስ ቅጽ ወስጃለሁ፤ ብዛት በሚለው ላይ ሁለት ብዬ ጽፌ የእኔን ፈርሜያለሁ፣ የእርስዎ መስመር ባዶ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እዚያው አግዳሚ ላይ እጠብቅዎታለሁ። አግዳሚ ላይ ብቻን መቀመጥን የሚከለክል አንቀጽ መመሪያው ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ክቡርነትዎ ይህን አንብበው እንዲህ ያለ አንቀጽ እስኪያወጡ ድረስ እዚያ አለሁ።