ጨው የጠፋበት ባሕር

መጋቢት 4

እንደ ወትሮው ቁጥር ስለቅም ዋልኩ። ባሕር ላይ ከተተከሉት መለኪያዎቻችን የሚመጣ ሙቀት፣ የሚመጣ ጨው... ሁሉም ደህና። የሰሜኑ መለኪያ ብቻ ጨው ዜሮ ይላል። ባሕር ውስጥ ዜሮ? ሙቀቱም ቀን ቀን ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። ተበላሽቶ ይሆናል። ለአለቃዬ ነገርኩት። ምነው ዝም ባልኩ።

መጋቢት 5

አለቃችንን «ማዕበል» የምንለው ሳያንኳኳ ስለሚገባ ነው። ዛሬም ገባ። መለኪያው ይታይ አልኩት፣ አልሰማኝም። ከባሕሩ ሥር የሚጠጣ ውሃ ይፈልቃል፣ ሌላ ትርጉም የለውም አለ። ታዲያ ለምን ቀን ቀን ብቻ ይሞቃል?

«ምንጩ ቀን ነዋ የሚሠራው።»

የመንግሥት ሠራተኛ መሰለው እንዴ?

መጋቢት 9

ምንጩ ስም ወጣለት። በማዕበል ስም፣ ከነአያቱ። ትልቁ ሹም ሊመርቁት ይመጣሉ ተባለ። ጥናቱን እኔ ጽፌ እንድፈርም ታዘዝኩ። ስንት ዓመት በጊዜያዊነት ስንገላታ ኖሬ፣ ቋሚ የሚያደርገኝ ይሄ ፊርማ ነው። ባለቤቴ «ፈርሚና እንገላገል፤ ባሕሩ አይከስሽ» አለኝ። እውነቱን ነው... አይከሰኝም።

መጋቢት 12

ስልክ ላወራ የመሥሪያ ቤታችን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የሰሜኑ መለኪያ እዚያ ተጋድሟል። ርግብ ተቀምጣበታለች።

ቴክኒሻኑን ያዝኩት። ዛጎል በቅሎበት ነበር፣ ልጠርገው አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና ረሳሁት አለ። ሳያጠፋው። ኮምፒውተራችን ደግሞ የሚመጣለትን ሁሉ ባሕር ላይ እንዳለ አድርጎ ይመዘግባል። ለካ የጣሪያችንን አየር ነው ስንመረምር የከረምነው። እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ ከዚያ ፈራሁ።

ለማዕበል ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«እንግዳው እስኪሄዱ ጣሪያ ላይ ማን ይወጣል?»

አልፈርምም አልኩ። ራሱ ጽፎ ራሱ ፈረመ።

መጋቢት 15

በጀልባ ሄድን። ሹሙ በብርጭቆ ቀድተው ጠጡ። ፊታቸው ተኮማተረ፣ ግን ዋጡት። «ይጠጣል» አሉ። ማዕበልም ጠጣ፣ ይጠጣል አለ። ብርጭቆው ዞረ። ሁሉም ይጠጣል። ቴክኒሻኑ እንኳ፣ ያ ጉደኛ፣ ድገሙኝ አለ!

እኔ ጋ ደረሰ። ማዕበል ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የቋሚነቱ ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ቀመስኩ።

«ጨው ነው» አልኩ።

ማዕበል ቀልጠፍ ብሎ ምላሷን አሟታል አላቸው። ሹሙ አዘኑልኝ።

መጋቢት 16

የሕመም ፈቃድ ሰጡኝ። ጤነኛ ምላስ ይዤ ቤት ተኝቻለሁ። ባለቤቴ አኩርፏል።

መጋቢት 21

መለኪያው ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ጨውም ተመለሰ። ማዕበል ደወለ። ምንጩ ለምን እንደደረቀ ጥናት ጻፊልኝ፣ ቋሚነትሽን ዛሬውኑ አስጨርሳለሁ አለ። እሺ አልኩት።

ጻፍኩ። አንድ መስመር ብቻ ሆነ፦ «ምንጩ አልደረቀም፤ መጀመሪያም አልነበረም፤ መለኪያው ጣሪያችን ላይ ነበር።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን አድርጌ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ላክሁት። ለሹሙም።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«በይ፣ ሌላ ሥራ እንፈልግ» አለኝ።