ወደ ደሴቱ ስላልተጫነችው መኪናዬ፣ ለነፋሻ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለነፋሻ የባሕር ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጤና በኩል ክፉ አይደለሁም። ከሰሞኑ ብቻ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ከኋላዬ ሞተር ብስክሌት ሲመጣ ትንፋሼ ቀጥ ይላል፤ ይህንንም ያገኘሁት ከድርጅትዎ ጋር በነበረኝ መልካም ግንኙነት ስለሆነ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ፉአድ ሙዘይን እባላለሁ፤ አምቦ ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝ። ልጅ ሳለሁ ፖሊዮ ሁለቱንም እግሮቼን ስላሽመደመደብኝ ቤትና ደጅ የምለው በክራንች ነው፤ ራቅ ስል ግን በአንዲት ነጭ ቪትዝ መኪና እሄዳለሁ። ቪትዟን አምቦ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው ኦቦ ዱጋሳ በእጅ ብቻ እንድትነዳ አድርገው አስተካክለውልኛል። ከመሪው ሥር ያለውን ዘንግ ወደ ፊት ስገፋው ፍሬን ይይዛል፣ ወደ እኔ ስስበው ነዳጅ ይሰጣል። ለሌላው ሰው መኪና ናት፤ ለእኔ ግን ማንም ሳያዝለኝ ገበያ መውጣት፣ ማንም ሳይደግፈኝ ለቅሶ መድረስ ማለት ናት።

ባለቤቴ ሐምዲያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች በአንዱ፣ ኮሞሮስ፣ ሥራ አግኝታ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ልከተላት ተስማማን። በስልክ «ሌላውን ሁሉ ትተህ ና፤ መኪናዋን ግን ይዘህ ና» አለችኝ። «እዚህ መንገዱ ዳገት ነው፣ ታክሲው ደግሞ ሰው በሰው ላይ ይጭናል፤ ቤት ተዘግተህ ስትውል ማየት አልፈልግም።» መኪና በባሕር የሚጭን ስንፈልግ «ከደጅዎ እስከ ደጅዎ» የሚለውን ማስታወቂያዎን አገኘን። ክቡር ሆይ፣ ያ ማስታወቂያ ያምራል። ከመርከቧ በላይ ያለው ሰማይ እንኳ ያምራል።

ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎ ወ/ሪት ውባየሁ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ትዕግሥታቸውም የሚያስቀና ነው። መኪናዋን ባለቤቱ ራሱ በአካል ይዞ ለምርመራ መቅረብ እንዳለበት በትሕትና ሲነግሩኝ፣ እኔም በትሕትና ከአምቦ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሰሞኑን እንደማያስተማምን፣ አንዳንድ ቀን አውቶቡስ እንኳ ከመናኸሪያ እንደማይወጣ፣ አንድ የማውቀው ነጋዴ ከጌዶ ሲመለስ ታጣቂዎች ከመኪና አውርደውት እስከ ዛሬ ድምፁ እንዳልተሰማ ነገርኳቸው። ፎቶ ልላክ፣ ቪዲዮ ልላክ፣ ወይም መርማሪያችሁ አምቦ መጥቶ ይያት ብዬ ለመንኩ። «መንገዱ እኮ አስፋልት ነው» አሉኝ። ለዚህ ማረጋገጫ ከፍ ያለ ምስጋና አለኝ፤ የምፈራው ጉድጓድ መስሏቸው ነበርና።

፪ኛ/ እንደታዘዝኩት በአካል ቀረብኩ። መንገዱን ሙሉ ጀርባዬ ላብ ሆኖ፣ በየኬላው መታወቂያዬን እያሳየሁ ደረስኩ። ቢሮዎ ያለው ፎቅ ላይ ሆኖ አሳንሰሩ በብልሽት ላይ ስለነበር ደረጃውን ተቀምጬ በእጄ እየተገፋሁ ወጣሁ፤ ጥበቃው ክራንቼን ይዞልኝ ከኋላዬ ሲመጣ ዓይኑን ከእኔ ለማሸሽ ግድግዳውን ያይ ነበር። ላይ ስደርስ መርማሪው ሥልጠና ላይ መሆናቸው ተነገረኝ። በዚያው አጋጣሚ፣ መኪናዋ «የተለወጠች» ስለሆነች አካል ጉዳተኛ መሆኔን የሚያረጋግጥ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እንዳመጣ ተጠየቅኩ። በብብቴ ሥር ያሉትን ክራንቾች ባሳይ፣ ወ/ሪት ውባየሁ «ክራንች እኮ ማንም ሊይዝ ይችላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማንም ሊይዝ ይችላል፤ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

፫ኛ/ ማስረጃውን ይዤ ዳግመኛ ቀረብኩ። መርማሪው ይህን ጊዜ ነበሩ። በመስኮት በኩል አንገታቸውን አስገብተው ዘንጉን አዩና «ይህ ብረት ይነሳ፤ የወደብ ሹፌሮች ግራ ይጋባሉ» አሉ። «ጌታዬ፣ እሱ ከተነሳ እንዴት አድርጌ ወደ አምቦ እመለሳለሁ?» አልኳቸው። «ይሄ ድርጅቱን አይመለከትም» አሉኝ። ከብዙ ልመና በኋላ፣ ዘንጉን የሠራው ሰው ራሱ መጥቶ መኪናዋ በእግርም እንደምትነዳ ካሳየ እንደሚያስቡበት ቃል ገብተው ለሐሙስ ቀጠሩኝ። ለዚህ ቸርነት እሳቸውን ማመስገን ነበረብኝ፤ እነሆ ዘግይቼ አመሰግናለሁ።

የሐሙሱን ነገር በቁጥር ላስቀምጠው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንዳለ እነግርዎታለሁ።

ኦቦ ዱጋሳ ሥራቸውን ዘግተው አብረውኝ ወጡ። ከአምቦ ስንወጣ ይቀልዱ ነበር፤ ጊንጪ ከተማ ከመድረሳችን በፊት ግን ቀልዱን ትተው መንገዱን ያዩ ጀመር። ቆይተው «ፉአድ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ካየህ ቆየህ?» አሉኝ። አሰብኩት። ለካ አንድም አላየሁም። መመለስ እንዳለብን ለሁለታችንም እኩል ገባን፤ ግን ኩርባውን ጨርሰን ነበርና መንገዱ ላይ የተደረደረው ድንጋይ ፊታችን ነበር።

ከባሕር ዛፉ ውስጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወጡ። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፤ እነሱም አልነገሩኝም። አንደኛው የመኪናዋን ጣሪያ በሰደፍ መትቶ «ቡኢ! ውረድ!» አለ። ኦቦ ዱጋሳ እጃቸውን አንስተው ወረዱ። እኔ አልወረድኩም። ክራንቼ የኋላ መቀመጫ ላይ ነበር። ልይዘው እጄን ወደ ኋላ ብልክ መሣሪያ እያወጣሁ ይመስለዋል፤ ባልልክ ደግሞ የምንቀው ይመስለዋል። እጆቼን መሪው ላይ እንዳሉ ተውኳቸው። «ውረድ አልኩህ!» ሲል በአገጬ ወደ ኋላ መቀመጫው አመለከትኩ። «እግሩ አይሠራም፣ ወንድሜ! ስለ ፈጣሪ፣ ክራንቹ ከኋላ ነው!» እያሉ በኦሮምኛ የጮኹት ኦቦ ዱጋሳ ናቸው።

ሰውየው በሩን ከፈተና ጉልበቴን በአፈሙዙ ገፋ አደረገው። እግሬ እንደ ጨርቅ ወደ ጎን ወደቀ። ለጥቂት ጊዜ እግሬን አየው። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ክራንቾቼን አወጣና አንድ በአንድ አቀበለኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰዎቹን ላመሰግን አይደለም፤ እስከ ዛሬ በሕልሜ እየመጡ ያባንኑኛል። ግን ያ ሰው ያለ ሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ማመኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

የፈለጉት መኪናዋን ነበር። ከእነሱ አንዱ ገብቶ ሊነዳት ቢሞክር እግሬ እንዳይነካው ኦቦ ዱጋሳ ፔዳሉ ላይ ያደረጉት ክዳን ግራ አጋባው፤ ዘንጉን ሲነካ ዘልላ ቆመች፣ ደግሞ ዘለለች። ስለዚህ እኔኑ መልሰው አስገቡኝ። ጆንያቸውን ጭነው ሁለቱ ከኋላ፣ አንዱ ከጎኔ ተቀመጡ። ኦቦ ዱጋሳን አንድ ጠባቂ አጠገባቸው ቆሞ መንገዱ ዳር አንበረከኳቸው። «አንተ ተንኮል ብትሠራ ሽማግሌው...» አለ ከጎኔ ያለው፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

በጥርጊያ መንገድ ወደ ጭልሞ ጫካ አቅጣጫ ነዳሁ። ሌላ ሰው ሲፈራ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ፍርሃት ግን እጄ ላይ ነው፣ እጄ ደግሞ ፍሬኑም ነዳጁም ነው፤ ስለዚህ እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል። «ፈርቼ ነው» እለዋለሁ። «አትፍራ!» ብሎ ይጮኽብኛል፤ ይብስብኛል። ሐምዲያን ለመሰናበት እንኳ በልቤ ቃል ስፈልግ የሚመጣልኝ የተማሪዎቼ ያልታረመ ፈተና ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል ስልኬ ጠራ። እነሱም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ እንዳናግር ታዘዝኩ። ወ/ሪት ውባየሁ ነበሩ።

«አቶ ፉአድ፣ መርማሪው እየጠበቁዎት ነው። ካረፈዱ ቀጠሮው ይሰረዛል።»

«መንገድ ላይ ችግር ገጥሞኛል፣ እኅቴ።»

«ምን ዓይነት ችግር?»

አፈሙዙ ማጅራቴን ነካኝ። «የመንገድ» አልኩ።

«ሁሉም ደንበኛ እንደዚሁ ነው የሚለው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከኋላ ያለው ሰው «ማናት?» አለኝ። መኪናዬን ባሕር ማዶ የሚጭኑልኝ ሰዎች መሆናቸውን ነገርኩት። «ወዴት?» አለ። «ወደ ደሴት። ሚስቴ እዚያ ናት» አልኩት። ወደ ፊት ጠጋ ብሎ «እዚያ ጫካ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብመልስ እንደምተርፍ አላወቅኩም። «ዳገት አለ ብላኛለች» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ ጆንያቸውን አውርደው «ተመለስ፤ ዞረህ እንዳታይ» አሉኝ። መንገዱ ጠባብ ነበርና ለመዞር ወደ ፊት ወደ ኋላ ስል ጀርባዬ ጥይት እየጠበቀ ነበር። እንባዬ መቼ እንደጀመረ አላውቅም፤ መንገዱ ሲደበዝዝብኝ ነው ያወቅኩት። ነዳጁን ሳብ አድርጌ ወደ ኦቦ ዱጋሳ ከነፍኩ። በሕይወት አገኛቸዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ጠባቂያቸው ጥሏቸው ሄዷል። እሳቸው ግን እዚያው እንደተንበረከኩ ነበሩ። «ተነሡ እንጂ፣ ኦቦ ዱጋሳ፣ እንሂድ!» ስላቸው «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አንዱን ክራንቼን በመስኮት አቀበልኳቸው። በእሱ ተደግፈው ተነሡ፤ ገብተው እንደተቀመጡ እጄን ይዘው አምቦ እስክንደርስ ሳይለቁኝ ቢቀሩ ደስ ባላቸው፤ ግን እጄ መንዳት ነበረበትና ትከሻዬን ያዙኝ።

በማግሥቱ ለወ/ሪት ውባየሁ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ በእውነት አዝነው «እግዚአብሔር አተረፋችሁ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ቀጠሮው እንዲታደስልኝ ከፖሊስ ማስረጃና የይቅርታ ማመልከቻ ይዤ በአካል እንድቀርብ ነገሩኝ።

ክቡር ሆይ፣ አልቀርብም። ለሐምዲያ የደበቅኩትን ሁሉ ነገርኳት። አለቀሰችም፣ ተቆጣችም፤ በመጨረሻም «መኪናዋ ትቅር። አንተን ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ሰው ተሸክሞኝ የምኖር ከሆነ አልመጣም» አልኳት፤ በትዳራችን እንደዚያ ቀን ተጣልተን አናውቅም። ያስታረቁን ኦቦ ዱጋሳ ናቸው። ዘንጉን ከነማያያዣው ከመኪናዋ ፈትተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሻንጣዬ ውስጥ አስተኙት፤ «ደሴት ላይም መካኒክ አይጠፋም፤ ግራ ከገባው በቪዲዮ እየደወለ ይጠይቀኝ» አሉ። እንግዲህ መርማሪዎ እንዳዘዙት ብረቱ ተነሥቷል። እነሆ መኪናዋ ቀርታ ብረቱ ባሕር ሊሻገር ነው። ቪትዟን ለኦቦ ዱጋሳ አደራ ትቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልቀናልኝም። አውሮፕላኑ ከአምቦ አይነሣም። በሚመጣው ሳምንት ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ኩርባ፣ ይህን ጊዜ የሰው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ማለፍ አለብኝ። ከአሁኑ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል፤ ዓይኔን ስጨፍን ከፊት የሚመጣ መኪና የለም።

ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለኝም። ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ከደንዲም፣ ከጌዶም ድርጅትዎን አምነው አድራሻዎን የጠየቁኝ ሰዎች ስላሉ ነው። መርማሪዎ አንድ ቀን እንኳ በዚያ አስፋልት ወደ እነሱ ቢመጡ፣ መንገዱ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ በዓይናቸው ያዩ ነበር።

ፎቅዎ ከፍ ያለ፣ ቀጠሮዎ የማይዛነፍ፣ ደጅዎ በሚጠባበቁ ባለጉዳዮች የተሞላ ሆኖ ይኑር ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፈቀቅ ሳይሉ ስላስተማሩኝ ፍርሃት እጅ የምነሣዎ፣

ፉአድ ሙዘይን
መምህር፣ አምቦ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከድርጅትዎ «ውድ ደንበኛችን፣ መኪናዎ በሰላም ወደብ ደርሳለች፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። ቪትዟ በመስኮት ትታየኛለች፤ ጣሪያዋ ላይ የጎረቤት ዶሮ ቆማለች። ስለዚህ ወደብ የደረሰችው የሌላ ሰው መኪና ናት፤ ያ ሰው ደግሞ ምናልባት በአካል ቅረብ ተብሎ አሁን መንገድ ላይ ይሆናል። እባክዎ ይደውሉለትና ይመልሱት፤ ስልኩን ካነሣልዎት።