አባዬ ደረት ላይ የሚዘለው መብራት

ጥር 6

ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ዋልኩ። ማታ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየውን መነጽር አድርጌ አባዬ ዘንድ ገባሁ... እሱ በከተማው፣ እኔ በከተማዬ፣ ምናባዊው ክፍል ውስጥ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠን። ሁለት አምባር ገዝቼ አንዱን ለራሴ አድርጌ፣ ሌላውን ለሱ ልኬለት ነበር። የልብ ምት ያነባል፤ በምስላችን ደረት ላይ ትንሽ መብራት ሆኖ ይታያል። ሲረጋ ሰማያዊ፣ ሲፈጥን ቀይ። ገና ስገባ ቀይ ሆኖ ዘለለ! አፉ ግን "መጣሽ?" ብቻ። ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር... ፍቅሩን በቃል አያወጣም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጥር 9

ታላቅ እህቴን አነሳብኝ። አብራው ነው የምትኖረው። "እስከ መቼ ነው የምትኳረፉት?" እናታችን ስትሞት ልብሶቿን ሳትጠይቀኝ ለሰው አደለች። አንድ ሻሽ እንኳ አላስቀረችልኝም! "ስሟን አታንሳብኝ" አልኩት። መብራቱ ደም መሰለ። ደነገጥኩ። ሽማግሌውን ላሳምመው ነው እንዴ? እሱ ግን እያዛጋ፣ "ተይው በቃ" አለ። ልቡ እንዲህ እየተሸበረ እንዴት ያዛጋል?

ጥር 14

ስለ ጎረቤቱ መኪና እያወራልኝ ሳለ... መብራቱ ድርግም! ልብ የለም። አፉ ግን ያወራል።

"አባዬ! ልብህ!"

"ልቤ ምን ሆነ?"

"ቆሟል!"

"ኧረ እዚሁ አለ። አምባሩን ነው የምትይው? እሱን እኮ የምታደርገው እህትሽ ናት። ሻወር ልትገባ አወለቀችው መሰለኝ።"

ክው አልኩ። ከቤቱ አንድ ሰው ካደረገው የሚበቃ መስሎት! አምባሩ እጁ ላይ ሲጠብበት ገና የመጀመሪያው ቀን ሰጣት። "አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማሻለች፤ ድምፅሽ ከመነጽሩ ውጭ ድረስ ይሰማል" ይለኛል፣ እንደ ቀላል ነገር! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ታዲያ ስገባ ይዘል የነበረው የሷ ነው? "ስሟን አታንሳብኝ" ስል የተሸበረውም?

ጥር 15

ሥራ ቦታ አንድ ሙሉ ሰው ሠራሽ መንጋጋ አበላሸሁ። አለቃዬ፣ "ዛሬ የት ነሽ?" አለችኝ። እኔስ መች አውቄ... እህቴ ትሰማ ነበር። ሁሉንም።

ጥር 17

አባዬን "መነጽሩን ስጣት" አልኩት። ገባች። አምባሩን አላወለቀችም።

"አባዬ ነዝንዞኝ ነው" አለች ፊቷን አዙራ። ደረቷ ላይ ቀዩ መብራት ይፈነጥዛል። ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስገለፍጥሻል?"

"ደረትሽን እያየሁ ነው።"

መዳፏን ደረቷ ላይ ጫነች። "ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እማዬ ትሸተኝ ነበር። መተኛት አቃተኝ። ለዛ ነው ልብሷን የሰጠሁት" አለች።

መብራቷን አየሁ።

"አንቺ ደግሞ የኔን ብቻ ታያለሽ" አለች። "የራስሽን ብታዪው! ኧረ ቀስ በይ፣ እኔንም አስደነገጥሽኝ።"